ቁልፉ የማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። የጌም ማጫወቻን የዲስክ ማንበቢያ ነቅሎ፣ በካርድ አማካይነት ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ፣ በውስጡ የተጻፈውን ፕሮግራም አንብቦ እንደገና መጻፍ፣ በተለመደው አነጋገር «ፍላሽ ማድረግ»፣ ጥገና ነው ወይስ ስርቆት? ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎቹ ወዲያው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ሌብነት ነው፤ ሕግ ይከለክለዋል» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በገንዘቤ የገዛሁትን ዕቃ እንደ ፈለግሁ ባደርገው ማን ያገባዋል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በግማሽ እውነት ላይ ቆመው ስለሚናገሩ ክርክሩ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግማሹን እውነት ከግማሹ ጋር ማገናኘት ነው። አስተያየታችንንም ከመጀመሪያው ሳንሸሽግ እንናገራለን። ዕቃው የተሸጠለት ሰው የዕቃው ቁልፍም ባለቤት ነው፤ ነገር ግን ቁልፉ የሌላውን ሰው የድካም ፍሬ መዝረፊያ እንዲሆን አልተሰጠውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማየት ያቃተው ሕግም ሆነ ፋብሪካ ጠጋኙንና ሌባውን በአንድ ገመድ ያስራል።

ነገሩ በደንብ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌያችንም የማይክሮሶፍት ኩባንያ ኤክስቦክስ 360 ይሁን፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህ መሣሪያ ለገበያ የወጣው በ2005 ነው። የዲስክ ማንበቢያውን ኩባንያው ራሱ አልሠራውም፤ በየጊዜው ከሂታቺና ኤልጂ፣ ከቶሺባና ሳምሰንግ፣ ከቤንኪው፣ ከላይትኦን እየገዛ ይገጥም ነበር። ስለዚህ ማንበቢያው በመልኩም ሆነ በአሠራሩ ከተራ የኮምፒዩተር ዲቪዲ ማንበቢያ ብዙ የተለየ አይደለም። መረጃ የሚያስተላልፍበትም ገመድ በኮምፒዩተሮች ዘንድ የታወቀው የሳታ ገመድ ነው።

ልዩነቱ ያለው ከዐይን በተሰወረው ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ማንበቢያ ፈርምዌር ውስጥ፣ ማለትም መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በሚነግረውና በውስጡ ተጽፎ በሚኖረው ፕሮግራም ውስጥ፣ 16 ባይት ርዝመት ያለው አንድ ምሥጢራዊ ቁልፍ ተቀምጧል። የዚሁ ቁልፍ ግልባጭ በማዘርቦርዱ ላይ ባለው ማኅደር ውስጥ ተመሥጥሮ ይገኛል። የጌም ዲስክ ሲገባ ሁለቱ በዚህ ቁልፍ ይጠያየቃሉ። ከተግባቡ ጌሙ ይከፈታል፤ ካልተግባቡ ደጁ ተዘግቶ ይቀራል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ልዩ ቁልፍ ስላለው የአንዱ ማንበቢያ ለሌላው አይሆንም።

አሁን ማንበቢያው ተበላሸ እንበል። መበላሸቱም አይቀርም፤ ሌዘሩ ይደክማል፣ ትሪውን የሚያንቀሳቅሰው ጎማ ይላላል፣ ሞተሩ ይቆማል። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ሌላ ጎማ ይገጠማል እንጂ መኪናው አዲሱን ጎማ «ማነህ? መታወቂያህን አሳየኝ» አይለውም። ኤክስቦክስ 360 ግን እንዲህ ይላል። ከሌላ አሮጌ ኤክስቦክስ የተነቀለ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ፣ በሞዴልም አንድ ዓይነት የሆነ ማንበቢያ ቢገጠምለት እንኳ የጌሙን ዲስክ እንደ ተራ የፊልም ዲቪዲ ይቆጥረዋል። በጌም ዲስኮች ላይ ደግሞ በስሕተት ተራ የፊልም ማጫወቻ ውስጥ ለሚከቷቸው ሰዎች የተዘጋጀ አጭር ማስታወቂያ አለ፤ «ይህን ዲስክ ለማጫወት ኤክስቦክስ 360 ውስጥ ክተቱት» የሚል ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ኤክስቦክስ 360 ፊት ተቀምጦ ሳለ ራሱ ኤክስቦክስ 360 «ዲስኩን ኤክስቦክስ 360 ውስጥ ክተት» ብሎ ይመክረዋል። ከዚህ የበለጠ ቀልድ ከየት ይገኛል? ቀልዱን የሚከፍለው ግን ባለዕቃው ነው።

ካርዱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው የአሮጌውን ማንበቢያ ቁልፍ አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ብዙ ባለሙያዎች ይመርጡት የነበረው የቪያ ኩባንያ ቪቲ 6421 የተባለ ቺፕ ያለበትን ርካሽ የፒሲአይ ካርድ ነው። ለምን ቢሉ፣ ፈርምዌሩ የሚነበበውና የሚጻፈው ማንበቢያው ከዘወትር ሥራው ወጥቶ ለአምራቹ ብቻ ወደ ተዘጋጀ ልዩ ሁኔታ ሲገባ ነው። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አብሮ የተሠራው የሳታ መቆጣጠሪያ እንዲህ ያለ ማንበቢያ ሲያጋጥመው ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አያየውም። ካርዱ ግን ፕሮግራሙ ከማንበቢያው ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር ያስችላል። የማንበቢያው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ከኮምፒዩተሩ መሰኪያ ጋር ስለማይገጥም ኃይሉ የሚመጣው ከራሱ ከኤክስቦክሱ ወይም ለዚሁ ተብሎ ከተሠራ ማገናኛ ነው። በአንዳንድ የላይትኦን ማንበቢያዎች ላይ ደግሞ ቁልፉን ለማውጣት በሲሪያል መስመር መታገዝ ያስፈልግ ነበር።

ሥራው ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትን ይጠይቃል። ጨዋ ባለሙያ አስቀድሞ ሌንሱን ያጸዳል፣ ጎማውን ይመለከታል፣ ሌዘሩን ለመለወጥ ይሞክራል። ሞዴሉ አንድ ዓይነት ከሆነም የአሮጌውን ማንበቢያ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ወደ አዲሱ ማዛወር ይችላል፤ ቁልፉ ያለው በሰሌዳው ላይ ነውና። ፍላሽ ማድረግ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካልሆነ ነው። በዚያን ጊዜም የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ሳይሆን ማንበብ ነው። የአሮጌው ማንበቢያ ፈርምዌር በሙሉ ይነበባል፣ ሁለተኛም ይነበባል፣ ሁለቱ ግልባጮች ይወዳደራሉ፣ ቁልፉ ተለይቶ በደኅና ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ በአዲሱ ማንበቢያ ላይ ቁልፉና የአሮጌው መታወቂያ ይጻፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሳያነብ የሚጽፍ ሰው ያፈሰሰውን መልቀም እንኳ ላይችል ይችላል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ግልባጭ በዚያው መሣሪያ ፕሮሰሰር ቁልፍ የተመሠጠረ ስለ ሆነ፣ እሱን ለማውጣት በ2009 እና በ2011 የተገኙትን የመላ መሣሪያውን ጥበቃ የሚሰብሩ ከባድ ዘዴዎች መከተል ግድ ይሆናል። በጽሕፈቱ መካከል መብራት ቢጠፋም ማንበቢያው በዚያው ሊሞት ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ላለን ሰዎች ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ባትሪ የሌለው ሰው እጁን ይሰብስብ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ጥገና ነው። ሌላውን ወገን ብንሸሽግ ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። በ2006 የተለወጠ ፈርምዌር ወጣ። ይህ ፈርምዌር ማንበቢያውን ሐሰተኛ ምስክር ያደርገዋል፤ ተገልብጦ የተቀዳ ዲስክ ሲገባ «እውነተኛው ዲስክ ነው» ብሎ ለመሣሪያው ይመሰክራል። ብዙ ሰዎች ያንን ካርድ የገዙት የሞተ ማንበቢያ ለማስነሣት ሳይሆን በተቀዳ ዲስክ ለመጫወት ነበር። አንድ ጌም የብዙ ሰዎች የዓመታት ሥራ ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛው የደከሙበት ነው። ከኩባንያው ሀብት ጋር ያለን ቅሬታ ምንም ይሁን ምን፣ የእነዚህን ሰዎች ድካም በነጻ መውሰድን ጀግንነት ብሎ መጥራት አይቻልም። ማይክሮሶፍት በ2009 የተለወጡ መሣሪያዎችን ከኤክስቦክስ ላይቭ መረብ በጅምላ ባገደ ጊዜ ብዙዎች ጮኹ፤ ከጯሂዎቹ መካከል የጥገና መብት ተነካብኝ ለማለት የሚችለው ግን ጥቂቱ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው አንድ እንግዳ ነገር ይገለጥለታል። በተቀዳ ዲስክ መጫወት የሚፈልገው ሰው ማንበቢያው ጤነኛ ነው። ቁልፉን ከራሱ ማንበቢያ ላይ አንብቦ፣ የተለወጠውን ፈርምዌር ከዚያው ቁልፍ ጋር መልሶ በዚያው ማንበቢያ ላይ ይጽፋል። ቁልፉ ትክክለኛ ስለ ሆነ ማዘርቦርዱ አይጠራጠርም። ታዲያ ቁልፉ ማንን ከለከለ? ለሌባው ጥቂት የሥራ ሰዓት ጨመረበት፤ በሩን ግን አልዘጋበትም። በሩ የተዘጋበት ማንበቢያው የሞተበት፣ ዲስኮቹን በሙሉ በገንዘቡ የገዛው፣ ሌላ ማንበቢያ ገጥሞ ለመጫወት ብቻ የሚፈልገው ሰው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንግዲህ ይህ አይደለምን?

ሕጉም ለረጅም ጊዜ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በአሜሪካ በ1998 የወጣው የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ፣ የተቆለፈን ሥራ መቆለፊያ መስበርን ራሱን ከለከለ። መቆለፊያውን የሰበርከው ለመስረቅ ነው ወይስ ለመጠገን ብሎ በቅድሚያ አልጠየቀም። በካሊፎርኒያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ አንድ ወጣት ኤክስቦክስ 360 በገንዘብ ለውጧል ተብሎ በ2009 ተያዘ፤ ለዓመታት የሚያሳስር ክስም ቀረበበት። ነገሩ በ2010 ለችሎት ሲቀርብ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ራሱ አነሣ። ወጣቱ ይሠራ የነበረው የጥገና ሥራ ነበር አንልም፤ ነገር ግን መሣሪያ በመፍታት ብቻ ሰው ስንት ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ያ ክስ አሳይቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ለኒንቴንዶ ስዊች የመቆለፊያ መስበሪያ እየሠራ ይሸጥ ከነበረው ቲም ኤክሴኩተር ከተባለው ቡድን አንዱ አባል በ2022 የ40 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ሕግ የቅጂ ነጋዴውን ለመቅጣት ሲፈልግ አቅም እንደማያንሰው ይህ ይበቃል። አቅም ካላነሰው ጠጋኙን ለምን ይነካል?

ይህን ጥያቄ ሲያነሡ የነበሩ የሸማቾችና የጥገና ወገኖች በ2021 አንድ ድል አገኙ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ሥር ስለ ሆነ፣ በየ3 ዓመቱ ከክልከላው ነጻ የሚሆኑትን ነገሮች የሚወስነው የዚያ መጻሕፍት ቤት ኃላፊ ነው። በዚያ ዓመት የጌም ማጫወቻን የዲስክ ማንበቢያ ለመጠገን ሲባል መቆለፊያውን ማለፍ ተፈቀደ። ከጥገናው በኋላ ጥበቃው ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስም ግዴታ ተጣለ። ፈቃዱ በ2024 ታድሷል። ይህ ግዴታ ተገቢ ነው እንላለን፤ የእኛም አስተያየት ከዚህ የራቀ አይደለም። ጠግን፣ ነገር ግን በሩን ክፍት ትተህ አትሂድ ማለት ነውና።

ድሉ ግን ጎዶሎ ነው። የተፈቀደው ሥራው እንጂ መሣሪያው አይደለም። መቆለፊያውን ለማለፍ የሚያገለግል ፕሮግራም ወይም ዕቃ ሠርቶ ለሌላው ማቅረብ አሁንም በዚያው ሕግ የተከለከለ ነው፤ ኃላፊውም ይህን ክልከላ የማንሣት ሥልጣን የለውም። ጉድጓድ እንድትቆፍር ተፈቅዶልሃል፣ አካፋ የሚሸጥልህ ሰው ግን ይታሰራል ማለት ነው። አካፋውን በቤቱ ቀጥቅጦ መሥራት የሚችል ሰው ስንት ነው? ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠ መብት በጥቂት ሊቃውንት እጅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብት ሳይሆን የመብት ሥዕል ነው።

ከኩባንያዎቹ በኩል የሚቀርቡ መልሶች አሉ። አንደኛው «የተበላሸውን ወደኛ አምጡት፤ እኛ እንጠግናለን» የሚል ነው። በእርግጥ ማይክሮሶፍት በ2007፣ በቀይ መብራት የሚታወቀው ብልሽት በበዛ ጊዜ፣ ለዚያ ብልሽት ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መድቧል። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን የፋብሪካ ዋስትና ዕድሜ አለው፤ የዕቃው ዕድሜ ደግሞ ከዋስትናው ይረዝማል። የኤክስቦክስ 360 ሥራ መቆሙ በ2016 ተነገረ። በኢንተርኔት ጌም ይሸጥበት የነበረው የራሱ ሱቅም በሐምሌ 2024 ተዘጋ። እንግዲህ ዛሬ ለዚያ መሣሪያ አዲስ ጌም ለሚፈልግ ሰው የቀረው ዋናው መንገድ ዲስኩ ነው፤ የዲስኩም መንገድ ማንበቢያው ነው። ሱቁን የዘጋ ባለሱቅ የመጨረሻውን በር ቁልፍ ይዞ መሄዱ ምን ይባላል?

ሁለተኛው መልስ «ቁልፉን ለሁሉ ብንሰጥ ቅጂ ይስፋፋል፣ በመረብ ላይ የሚጫወተውም ሰው ይታለላል» የሚል ነው። ይህ መልስ ሊናቅ አይገባውም። ይሁንና ማንም ሰው የሁሉን ቁልፍ ስጡን አላለም። የተጠየቀው የእያንዳንዱ መሣሪያ ቁልፍ ለዚያው መሣሪያ ባለቤት እንዲሰጥ ነው። ያ 16 ባይት በሌላ መሣሪያ ላይ ምንም አይከፍትም። ባለቤቱ የመለያ ቁጥሩንና የባለቤትነት ማስረጃውን አቅርቦ ቁልፉን ቢቀበል የሚጎዳው ማነው? ከዚያ በኋላ የተለወጠ ፈርምዌር የሚጭን ሰው ቢገኝ በዚያ ጥፋቱ ይጠየቅ። የቤት ቁልፍ ለተከራዩ የሚሰጠው ተከራይ ሁሉ ቅዱስ ስለ ሆነ አይደለም፤ በቤቱ መግባት ስላለበት ነው። እዚህ ደግሞ ሰውየው ተከራይ ሳይሆን ገዥ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ ስለ አንድ ያረጀ መጫወቻ ነውን?» ይል ይሆናል። አይደለም። በ2023 በወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የዲስክ ማንበቢያው ተነቃይ ሆኗል፤ ለመግጠምም መፍቻ እምብዛም አያሻም። ነገር ግን ማንበቢያው መጀመሪያ ሲገጠም በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ደርሶ ከመሣሪያው ጋር መመዝገብ አለበት። ይህ መመዝገቢያ የሆነ ዘመን ላይ ቢዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሚለወጥ ማንበቢያ ምን ይሆናል? ዛሬ በመጫወቻ የተጀመረው ልማድ በስልክ፣ በትራክተር፣ በሕክምና መሣሪያ ላይም ይታያል። ክፍሉን ከክፍሉ ጋር በምሥጢር ቁልፍ ማሰር ሥር የሰደደ የፋብሪካ ልማድ ሆኗል።

ጉዳዩ እኛን የሚነካንም በዚህ በኩል ነው። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ በየመንገዱ ዳር ሞባይል ፍላሽ የሚያደርጉት ወጣቶች፣ በመርካቶ አሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚፈቱት ባለሙያዎች የሚኖሩት ከአንዱ የተነቀለውን ለሌላው በመግጠም ነው። ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ ተይዞ የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው፤ የአምራቹም የጥገና ጣቢያ ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው። ክፍል ከክፍል ጋር እንዳይገጥም የሚያደርግ እያንዳንዱ ቁልፍ፣ ለሀብታሙ አገር ትንሽ ችግር ሲሆን ለእኛ ዕቃውን ወደ ቆሻሻ የሚለውጥ ፍርድ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንግሥታትና አምራቾች ሊያደርጉት የሚገባውን ተናግረናል። ኩባንያ አንድን መሣሪያ መሥራት ሲያቆም ቁልፉን ለባለቤቶቹ ይስጥ፤ ጥገናን የፈቀደ ሕግ የጥገናውን መሣሪያም ይፍቀድ። የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ግን ከጩኸት ያለፈ መሆን አለበት። በምህንድስናና በኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች ያሉ ወንድሞችና እህቶች ይህን ሙያ በጓዳ ሳይሆን በግልጽ፣ በክበብ ተሰባስበው ይማሩት። ፈርምዌር ምን እንደ ሆነ፣ ቁልፍ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሁለት ቺፖች እንዴት እንደሚጠያየቁ ለማወቅ ከአንድ አሮጌ ማንበቢያና ከአንድ ርካሽ ካርድ የተሻለ መምህር በቀላሉ አይገኝም።

ነገር ግን ሙያው ሥነ ምግባር ይኑረው። ጠጋኝ የሆነ ሰው ያወጣውን ቁልፍ ለባለዕቃው በጽሑፍ ያስረክብ፤ ለራሱ አያስቀር፤ ለሌላም አይስጥ። የፋብሪካውን ፈርምዌር ይመልስ እንጂ የቅጂ መጫወቻውን አይጫን፤ «ጨምርልኝና ጫንልኝ» የሚለው ደንበኛ ገንዘብ ቢያቀርብለትም እምቢ ይበል። የጥገና መብትን የሚያቆመው በመድረክ ላይ የሚደረገው ንግግር ብቻ አይደለም፤ የጠጋኙ ንጹሕ እጅም ነው። ሌባው በጠጋኙ ካባ ውስጥ እስከ ተሸሸገ ድረስ ኩባንያው ካባውን ለመግፈፍ ምክንያት አያጣም። ካባውን ከሌባው ላይ የምናወልቀው እኛ ራሳችን ከሆንን ግን፣ ያን ጊዜ «ቁልፉ የማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ የሚያሳፍረን ነገር አይኖርም፤ መልሱንም መስጠት የሚገባው ያ ዕቃውን ሸጦ ቁልፉን ያስቀረው ይሆናል።